ሻጋታን ቀለም አይፈውሰውም

ለማኅበራችን አባላት፣ በሕንፃዎቻችን በኪራይ ለምትኖሩ ጎረቤቶቻችንም በሙሉ፤

በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ እንደሚቀርብ ሰምታችኋል። ብዙ ሰው ፈርሞበታል። «ለጥገና ያጠራቀምነው ገንዘብ ይውጣና እንቁጣጣሽ ሳይገባ የየቤቱ መታጠቢያ ቤት በአንድ ቀቢ ይቀባ፤ ያ ጥቁር ሻጋታም ይጥፋልን» ይላል። ፈራሚዎቹን እናከብራለን፤ በመዋጮ የማይዘገዩ፣ በጽዳት ቀን ቀድመው የሚወጡ ሰዎች ናቸው። ሐሳቡን ግን እንቃወማለን። የምንቃወመው ለገንዘቡ ሳስተን አይደለም። ገንዘቡ ይወጣል፣ ሻጋታው ግን ይቀራል ብለን ነው።

ይህንንም የምንለው ራሳችን ሞክረን ስለተሞኘን ነው። ባለፈው ዓመት በጳጉሜን የጥበቃዎቻችን መታጠቢያ ቤት ጣሪያው ጠቁሮ አየንና ኮሚቴው ተሰብስቦ «ይቀባ» ብሎ ወሰነ። ነጭ የፕላስቲክ ቀለም ተገዛ፤ ተቀባ፤ አማረ። እኛም በእንቁጣጣሽ ዕለት ገብተን አየነውና ደስ አለን። ጥቅምት ሳያልቅ በነጩ ቀለም ላይ እንደ ጥቁር አዝሙድ ያለ ነጥብ ብቅ ብቅ አለ። ገና ሳይደርስ ነጥቡ እርስ በርሱ ተገናኝቶ ጣሪያውን ሸፈነው። ቀለሙም እየተላጠ ገላውን በሚታጠበው ሰው ጀርባ ላይ ይወድቅ ጀመር። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ውጭው ደረቅ በሆነበት ወራት ነው። ስሕተቱ የኛ ነበር፤ በናንተ ገንዘብ ስለሠራነውም ይቅርታ እንጠይቃለን። ሁለተኛ ግን አንሳሳትም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶች። ቀለም የሻጋታ መደበቂያ ነው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም።

ለመሆኑ ሻጋታ ከምን ይመጣል?

ይህን እንጀራ የምትጋግር ሁሉ ከኛ ከኮሚቴዎቹ አብልጣ ታውቀዋለች። ትኩስ እንጀራ በደንብ ሳይበርድ መሶብ ገብቶ ከተከደነበት ምን ይሆናል? ያልበዋል። ክዳኑ ከውስጥ በኩል ይረጥባል። ሦስት ቀን ሳይሞላው እንጀራው ይሻግታል። ታዲያ እናቶቻችን በዚህ ጊዜ መሶቡን ቀለም ይቀቡታል እንዴ? አይቀቡትም። እንጀራውን ሰፌድ ላይ ዘርግተው ያበርዱታል፤ መሶቡንም ጠርገው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። የኛ መታጠቢያ ቤት ማለት ትኩስ እንጀራ ተከቶበት የተከደነ መሶብ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንድ መሐንዲስ ጎረቤታችንን ጠይቀን እንዲህ ሲል አስረዳን። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ ያራግፈዋል። 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ መያዝ ይችላል። ያው አየር ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ 9 ግራም ገደማ ብቻ ነው መያዝ የሚችለው። የቀረው የት ይሄዳል? ቀዝቃዛውን ግድግዳና ጣሪያ ያርሰዋል። «ግድግዳው አላበው» የምንለው ይህን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የክረምት ሌሊቷን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሐምሌና በነሐሴ የውጭው ግድግዳ ዝናብ ጠጥቶ ይቀዘቅዛል፤ እኛ ደግሞ ከውስጥ በሙቅ ውሃ እንታጠባለን።

የሻጋታ ዘር ከዓይን በሚያመልጥ ብናኝ መልክ በአየሩ ውስጥ ሁልጊዜ አለ። ማንም ከቤቱ ጠርጎ ሊጨርሰው አይችልም። የሚጠብቀው እርጥበት ብቻ ነው። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሳይደርቅ ከቆየ ሊበቅልበት ይችላል። ምግቡም ሞልቷል፤ የሳሙና ቅሪት፣ የገላ ቅባት፣ አቧራ፤ አዲሱ ቀለም ራሱም ላዩ ላይ ቆሻሻ ሲይዝ ማደሪያ ይሆነዋል። ስለዚህ ጠላታችን ጥቁሩ ነጥብ አይደለም። ጠላታችን መውጫ ያጣው ውሃ ነው።

በየቤቱ ዞረን ያየነው

ኮሚቴው ፈቃዳችሁን እየጠየቀ በየቤቱ ገብቶ አይቷል። በራችሁን ስለከፈታችሁልን እናመሰግናለን። ያየነውን ግን ሳንሸፋፍን እንናገራለን።

አንደኛ፤ ትንሿ የመታጠቢያ ቤት መስኮት በብዙ ቤት ተዘግታለች። በአንዱ ቤት በፌስታል ተወትፋለች፤ በሌላው በካርቶን፤ አንዳንዱማ በብሎኬትና በሲሚንቶ ደፍኗታል። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ብርድ ይገባል»። ይህ የንፋስ ፍርሃታችን መቼ እንደሚለቀን እንጃ! አውቶቡስ ላይ አንዱ መስኮት ሲከፍት አምስቱ «ዝጋው!» ብለው ይነሡበታል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ «የታክሲ መስኮት ይከፈት» ተብሎ አልነበረም? ከፍተን ሄድን፤ በንፋሱ የሞተ አላየንም። የታፈነ አየር ግን ያሳምማል።

ሁለተኛ፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜሉና ጀሪካኑ የሚቀመጠው መታጠቢያ ቤት ነው። በዚህ ማንንም አንወቅስም፤ እኛም ቤት እንደዚሁ ነው። ግን በርሜሉ ለምን ክዳን የለውም? ክፍት በርሜል ቀንና ሌሊት እርጥበት ይተነፍሳል። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ሲቀመጥ ደግሞ ከኋላው የሚበቅለውን ማንም አያየውም።

ሦስተኛ፤ የታጠበ ልብስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተሰጥቶ በሩ ይዘጋበታል። ልብሱም አይደርቅ፣ ቤቱም አይደርቅ!

አራተኛ፤ ከላይ ቤት ወደ ታች ቤት የሚያፈስ ቧንቧ አለ። ይህ ሻጋታ ብቻ ሳይሆን ኩርፊያም አብቅሏል። ታችኛው «አውቆ ነው» ይላል፤ ላይኛው «የኔ ቤት ደረቅ ነው» ይላል። የሚያፈሰው ግን ከወለሉ ሥር ያለው መጋጠሚያ ነው፤ ሁለቱም አያዩትም። አጥፊው ቧንቧው ሆኖ ሳለ ጎረቤታሞች ቡና መጠራራት አቁመዋል።

አምስተኛ፤ ይህኛው የኛ የኮሚቴው ኃላፊነት ነው። አየር እንዲወጣበት ከታች እስከ ጣሪያ የተሠራው ጉድጓድ አናቱ ላይ በቆርቆሮ ተደፍኗል። «ዝናብ እንዳይገባ» ተብሎ የተደፈነ ነው። አሸንዳው ተቀዶ ውሃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ሳናስተካክል እናንተን «መስኮት ክፈቱ» ብለን ብንቆጣ ማን ይሰማናል? ወደ ተደፈነ ጉድጓድ የተከፈተ መስኮት ምን አየር ያመጣል?

ሻጋታ የማንም ነውር አይደለም

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ከዚያ ተነሥተው ወደኛ ሕንፃ የገቡ አንዲት እማማ አሉ። ለማየት ስንሄድ መጀመሪያ አላስገቡንም። በኋላ ሲያስገቡን መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መጋረጃ ሰቅለዋል። መጋረጃውን ስንገልጠው ግድግዳው ጠቁሯል። «ልጆቼ፣ ሴትዮዋ ቆሻሻ ናት እንዳትሉኝ ብዬ ነው። በየሌሊቱ በበረኪና አሸዋለሁ፤ አልለቅ አለኝ» አሉን። «የድሮው ቤቴ ጭቃ ነበር፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር እንጂ እንዲህ አልሆነብኝም» ሲሉም ጨመሩ።

እማማ እውነት ተናግረዋል። በዚያ ቤት ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ ልብስ የሚታጠበው ደጅ ነው፤ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል አየር ይመላለሳል። ኮንዶሚኒየሙ ግን ውሃውን ሁሉ ከቤት ውስጥ አስገብቶ በብሎኬትና በሴራሚክ አጥሮታል። ቤቱ ተለውጧል፤ እኛ ግን ስለ ቤቱ አኗኗር የነገረን የለም። እማማን ጥፋተኛ የሚያደርግ ምንም ነገር አላገኘንም። ጥፋቱ ያለው ከግድግዳቸው ጀርባ ያለፈው የተደፈነ የአየር መውጫ ላይ ነው። እንግዲህ የሳቸውን ግድግዳ ቀለም ብንቀባው መጋረጃቸውን በሌላ መጋረጃ ተካንላቸው ማለት ነው!

ይህ ነገር በኛ ብቻ የደረሰ አይምሰላችሁ። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ ከሱዳን የሄዱ ባልና ሚስት በአንድ የኪራይ ቤት ይኖሩ ነበር። አባትየው እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ሻጋታው ለአከራዩ ድርጅት ቢያመለክት «ቀለም ቀባበት» ተባለ። አኗኗራቸውም እንደ ጥፋት ተቆጠረባቸው። ልጃቸው አዋብ ኢሻክ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሁለት ዓመት እንደሞላው ሞተ። በ2022 የሞቱን ምክንያት የመረመረችው ዳኛ ልጁ የሞተው ለሻጋታ ለረጅም ጊዜ በመጋለጡ መተንፈሻ አካሉ ተጎድቶ ነው ብላ ወሰነች። በ2023 ደግሞ አከራዮች እንዲህ ያለውን አደጋ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያስተካክሉ የሚያስገድድ ሕግ በልጁ ስም ወጣ። ያ ሀብታም አገር ነው፤ ቀለምም ሞልቶታል። ቀለሙ ግን ልጁን አላዳነውም።

ሻጋታ ያየ ሁሉ ይሞታል ማለታችን አይደለም፤ ሰው አናስፈራራም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ በእርጥበትና በሻጋታ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፣ ለአስምና ለመተንፈሻ አካል ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ገልጿል። ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና አስም ያለባቸው ይብስባቸዋል። በኛ ደረጃ ላይ ሌሊት ሌሊት የሚያስል ልጅ ድምፅ የማይሰማ አለ?

ለተቃዋሚዎቻችን መልስ

«ቀለሙ ርካሽ ነው፤ ቧንቧና ጣሪያ መነካካት ውድ ነው» ይሉናል። በየዓመቱ የሚቀባ ቀለም ርካሽ አይደለም። አሸንዳው አንድ ጊዜ ተጠግኖ ለዓመታት ያገለግላል።

«በረኪና ይበቃዋል» ይሉናል። በረኪና ላዩን ያነጣዋል፤ ግድግዳው ውስጥ ያለውን እርጥበት ግን አያደርቀውም። ይባስ ብሎ አንዳንዱ «ኃይለኛ ይሁን» ብሎ በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ይቀላቅላል። ይህ እጅግ አደገኛ ነው! ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። አንዲት የጎረቤታችን ልጅ በሩን ዘግታ ይህን ስታደርግ እያሳለች፣ ዓይኗ እያለቀሰ በሰው ድጋፍ ወጥታለች። እግዚአብሔር አተረፋት። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም መቀላቀል ክልክል ነው።

«ፔኒሲሊን ከሻጋታ አይደል የወጣው? መድኃኒት ነው» የሚል ቀልደኛም አልጠፋም። እውነት ነው፤ ፍሌሚንግ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው ከሻጋታ ነው። እሱ ግን በቤተ ሙከራ ተለይቶና ተጣርቶ ነው ለሰው የደረሰው። ከጣሪያ ላይ ተልጦ የሚበላ መድኃኒት የለም፤ ቀልዱ ይቅር።

«ተከራይ ሊያይ ይመጣል፤ ለጊዜው ይቀባና ይታይ» የሚሉ አከራዮችም አሉ። ለነዚህ በግልጽ እንናገራለን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ክረምት ነው። ቀለማችሁ አንዱንም አይሻገርም። ተከራዩ ያየዋል፤ ልጆቹም ይተነፍሱታል። እናንተም የገዛ ቤታችሁን ግድግዳ ታበሰብሳላችሁ።

«የኔ ቤት ደረቅ ነው፤ ስለ ሌላው ምን አገባኝ» ለሚል ደግሞ፤ ጣሪያው የጋራ ነው፤ አሸንዳው የጋራ ነው፤ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ቧንቧ የጋራ ነው። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ማኅበር እንድናቋቁም ያደረገን እኮ የጋራውን በጋራ እንድናስተዳድር ነው። የግል ቤትን ማስቀባት የየባለቤቱ ነው። የማኅበሩ ገንዘብ የጋራውን ትቶ ወደየጓዳው ቀለም ከገባ ማኅበሩ ለምን አስፈለገ?

ስለዚህ ምን ይደረግ?

ኮሚቴው ለጉባኤው የሚያቀርበው ይህን ነው።

1ኛ. የጥገናው ገንዘብ በቅድሚያ ለአሸንዳው፣ ለጋራው ቧንቧ መጋጠሚያና ለአየር መውጫው ጉድጓድ ይዋል። የጉድጓዱ አናት ቆርቆሮ ተነሥቶ፣ ዝናብ የማያስገባ ነገር ግን በጎንና በጎኑ አየር የሚያስወጣ ክዳን ይሠራለት።

2ኛ. የተደፈነች መስኮት ሁሉ ትከፈት። ሌባና አይጥ ለሚፈራ ወንፊት ሽቦ ይደረግባት። አቅም ያለው የኤሌክትሪክ አየር ማስወጫ ቢያስገባ መልካም ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን የምታገለግለው ያቺው መስኮት ናት።

3ኛ. ከታጠባችሁ በኋላ ግድግዳውንና ወለሉን በውሃ መጥረጊያ ጎማ ወደ ፍሳሹ ግፉት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ይከፈት፤ ወደ ክፍል የሚያስገባው በር ግን እንፋሎቱ እስኪወጣ ይዘጋ፤ አለዚያ እርጥበቱ ወደ መኝታ ቤት ይዛወራል።

4ኛ. በርሜል ይከደን፤ ከግድግዳም አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። ልብስ ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሰጣ።

5ኛ. የበቀለውን ሻጋታ በደረቁ አትፈግፍጉት፤ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል። መጀመሪያ አርጥቡት፤ በሳሙናና በብሩሽ እጠቡት። ከዚያ በረኪና የሚጠቀም ሰው ለ4 ሊትር ውሃ ከሩብ ሊትር የበለጠ አይጨምር፤ መስኮት ይክፈት፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርግ፤ ከምንም ነገር ጋር አይቀላቅል። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ አይሥራ፤ የደረጃው ወጣቶች ይሥሩለት። በመጨረሻም ግድግዳው በደንብ ይድረቅ።

6ኛ. ፍሳሽ ያየ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ከመጣላቱ በፊት ለጽሕፈት ቤቱ ያስታውቅ። የቧንቧ ሠራተኛ ላይኛውም ታችኛውም ባሉበት ያያል።

7ኛ. ይህ ሁሉ ተሠርቶ፣ ግድግዳው ደርቆ፣ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ «እንቀባ» ለሚል እኛም ብሩሽ ይዘን እንመጣለን። ቀለምን በቦታው አንጠላም። ቀለም የሥራ መጨረሻ ነው እንጂ መጀመሪያ አይደለም።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤ በዚህ እንቁጣጣሽ ግድግዳችሁ ነጭ ላይሆን ይችላል። እንግዳ ሲመጣ ቅር ሊላችሁ ይችላል። ይህን እናውቃለን። ነገር ግን ዘንድሮ ነጭ ሆኖ ለገና ከሚጠቁር ግድግዳና ዘንድሮ ጠቁሮ ለከርሞ ከሚደርቅ ግድግዳ የትኛው ይሻላል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በጉባኤው ቀን ቅሩና «አልሰማንም» እንዳትሉ። ኑ፤ ተከራዮችም ኑ፤ ድምፅ ባይኖራችሁም አንደበት አላችሁ። እማማም ይመጣሉ፤ መጋረጃቸውን እንደሚያነሡ ነግረውናል።

እጃችሁን ስታነሡ ለቀለም አታንሡ፤ ለአየር አንሡ።

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ኮሚቴ
ጸሐፊው